የኮንቨርቲብል መኪና ጣሪያ ከተጠገነ በኋላ በትክክል መሥራቱን ስለማረጋገጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። ጣሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚከፈት መኪኖች በከተማችን ብዙ ባይሆኑም፣ የሰርግ ወቅት ሲቃረብ፣ በተለይ ከገና በኋላ፣ ባለቤቶቻቸው ተከታትለው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ጣሪያው እንዴት እንደሚጠገን አይደለም፤ ተጠግኗል ተብሎ የተመለሰላቸው ጣሪያ በእርግጥ መጠገኑን በምን እንደሚያውቁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች መኪናውን ከጋራዥ ለሚረከበው ባለቤት የተጻፉ ናቸው።

ጋራዡ ውስጥ ጣሪያውን ከፍተው ዘግተው አሳይተውኛል። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ቁልፉን ሲጫኑ የሚያዩት አንድ እንቅስቃሴ ቢመስልም፣ በውስጡ በቅደም ተከተል የሚፈጸሙ ብዙ ሥራዎች አሉ። የበር መስታወቶች ዝቅ ይላሉ፤ ጣሪያውን ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር የያዘው መቆለፊያ ይላቀቃል፤ የኋላው ክዳን ይነሣል፤ ጣሪያው ይታጠፋል፤ ክዳኑም ተመልሶ ይዘጋበታል። እያንዳንዱ ሥራ ማለቁን የሚያሳውቅ ትንሽ ስዊች ወይም ሴንሰር አለ፤ የጣሪያው ኮምፒዩተርም ያ ምልክት ካልደረሰው ወደሚቀጥለው ሥራ አይሻገርም። ይህ አሠራር የዘመናችን ፈጠራ ብቻ አይደለም። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 ባመረተው ስካይላይነር ላይ የብረቱን ጣሪያ አጥፎ ለመክተት 7 የኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ የእንቅስቃሴውን መጨረሻ የሚጠቁሙ 10 ስዊቾችና 186 ሜትር ገደማ የሚሆን ሽቦ ገብተውበት ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ቢያስቸግር ጣሪያው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ችግሩ በሙቀት፣ በንዝረት ወይም በተወሰነ ማዕዘን ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሙከራ አይገኝም።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ለሰርግ የሚያከራየውን መኪና አመጣልኝ። ጣሪያው አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፤ ስፈልግ ቆይቼ ምክንያቱን ከኋላው ክዳን ማጠፊያ አጠገብ ከሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ውስጥ አገኘሁት። የሽቦው ልባስ ምንም አልሆነም፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ግን አንድ ቦታ ላይ ልፍስፍስ አለብኝ። ልባሱን በምላጭ ስገልጠው ከመዳቡ ክሮች መካከል ሳይበጠሱ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። በዚያው ቦታ ቀጠልኩት፣ በበየድ አያያዝኩት፣ ጣሪያው ተከፍቶ ተዘጋ፣ ደንበኛዬም ከፍሎ ሄደ። ቅዳሜ ዕለት ሙሽሮቹን ይዞ ሲሄድ ጣሪያው ግማሽ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀጠልኩት ቦታ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የሚታጠፈው ቦታ ስለነበር፣ በበየድ የደረቀው ሽቦ እንደገና ተሰብሮ ነበር። ጥገናውን ከማጠፊያው ራቅ አድርጌ ብሠራውና ደንበኛዬ ከመረከቡ በፊት ደጋግሜ ብፈትነው ኖሮ ያ ቤተሰብ በዚያ ቀን መንገድ ዳር አይቆምም ነበር።

ከመፈተኔ በፊት ምን ማዘጋጀት ይገባኛል?

መኪናውን በተስተካከለ መሬት ላይ ያቁሙ። አንደኛው ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ጣሪያ የሌለው አካል በመጠኑ ይጣመማል፤ በዚህ ጊዜ ደህና የነበረውም መቆለፊያ ቦታውን ሊስት ይችላል። ከላይም ከኋላም በቂ ክፍት ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። ጣሪያው በሚታጠፍበት ጊዜ ከመኪናው ቁመት በላይ ብዙ ከፍ ይላል፤ የኋላው ክዳንም በአንዳንድ ሞዴሎች ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነው የሚከፈተው። በየሰፈራችን ያሉ ጋራዦች የቆርቆሮ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ፈተናውን ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ማድረግ ይሻላል።

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ባዶ ያድርጉ። ብዙ መኪኖች ጣሪያው የሚገባበትን ቦታ ከዕቃው የሚለይ መጋረጃ ወይም መክፈያ አላቸው፤ ያ መክፈያ በቦታው ካልተዘረጋ ኮምፒዩተሩ ጣሪያውን ጨርሶ አያንቀሳቅሰውም። ተበላሸ ተብለው ወደ እኔ ከመጡ ጣሪያዎች አንዳንዶቹ ምንም ብልሽት አልነበራቸውም፤ የጎደለው ይህ መክፈያ ብቻ ነበር። ጣሪያው ጨርቅ ከሆነ ደረቅ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ እርጥብ ጨርቅ ታጥፎ ከዋለ ይሻግታል።

ሞተሩን አስነሥቼ ነው ወይስ አጥፍቼ መፈተን ያለብኝ?

በመጀመሪያ አስነሥተው ነው። በብዙ መኪኖች ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ከፍተኛ ኃይል ይስባል፤ የባትሪው ቮልቴጅ በጣም ሲወርድ ደግሞ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሥራውን መሃል ላይ ያቋርጣሉ። በሚገባ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው በትክክል ሲሞላ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ይሆናል። ቴስተር ያለው ሰው አጠገብዎ ካለ ጣሪያው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። ሞተሩ ሲነሣ ጣሪያው በደንብ እየሠራ፣ ሲጠፋ ብቻ ቀስ የሚልና የሚቆም ከሆነ፣ ፓምፑን ከመውቀስዎ በፊት ባትሪውንና የባትሪውን ራሶች ያስመርምሩ።

ቅደም ተከተሉ ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በዓይንም በጆሮም ይከታተሉ፤ ከቻሉ ሌላ ሰው ቁልፉን ይዞልዎ እርስዎ ከውጭ ቆመው ይመልከቱ። ከሁሉ አስቀድሞ መስታወቶቹ ዝቅ ማለት አለባቸው። ባትሪው በጥገናው ጊዜ ተነቅሎ ከነበረ መስታወቶቹ የላይና የታች መጨረሻቸውን ይረሳሉ፤ በብዙ መኪኖች መስታወቱን እስከ ላይ ዘግቶ ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንድ ይዞ በማቆየት እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ተረክበው ከሄዱ ጣሪያው ሲዘጋ መስታወቱ ከጎማ ማሸጊያው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ቀጥሎ የግራውንና የቀኙን ጎን ያነጻጽሩ። ሁለቱ ጎኖች እኩል መነሣት፣ እኩል መውረድ አለባቸው። አንደኛው ቀድሞ ሌላው የሚከተል ከሆነ በዘይት ግፊት ጣሪያውን ከሚገፉት ሲሊንደሮች አንዱ ደክሟል፣ አየር ገብቶበታል፣ ወይም ማጠፊያው ተይዟል ማለት ነው። ጣሪያው ተጣሞ እየሠራ ለጊዜው ቢዘጋም እንኳ ጫናው ሁሉ በአንድ ጎን ብረት ላይ ስለሚወድቅ፣ ይህን ጉዳይ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ማስተካከል ግዴታ ነው።

ድምፁን በጥሞና ያዳምጡ። ደህና ፓምፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት የጉርምርምታ ድምፅ ያሰማል፤ ጭነቱ ሲከብድ ድምፁ በመጠኑ ይወፍራል፣ ሲቀል ይቀጥናል። ድምፁ እየተቆራረጠ የሚንጣጣ ወይም የሚያረፋ ከመሰለ በዘይቱ ውስጥ አየር አለ። ፓምፑ እየዞረ ጣሪያው ካልተንቀሳቀሰ ዘይት ጎድሏል ወይም ግፊቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ። ፓምፑ ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቀጭን ጠቅታ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ኃይሉን ወደ ፓምፑ የሚያገናኘው ስዊች (ሪሌው) ትእዛዙን እየተቀበለ ኃይሉ ግን ፓምፑ ዘንድ አልደረሰም።

ጊዜውንም በስልክዎ ይለኩ። የእያንዳንዱ መኪና ጊዜ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው መርሴዲስ ኤስ ኤል ኬ የብረት ጣሪያውን 25 ሴኮንድ ገደማ በሚሆን ጊዜ ሲያጥፍ፣ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው የብረት ጣሪያ 12 ሴኮንድ ብቻ ይወስዳል። ዋናው ቁም ነገር ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን የመጀመሪያውና የሦስተኛው ሙከራ ጊዜ መቀራረቡ ነው። እያደር የሚረዝም ጊዜ እየደከመ ያለ ነገር መኖሩን ይነግርዎታል።

ሲያልቅ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ጠፍቶ፣ መኪናው ካለው ደግሞ ማብቂያውን የሚያበስረው ድምፅ ተሰምቶ መሆን አለበት። ጣሪያው ለዓይን የተዘጋ መስሎ መብራቱ እያበራ ከቀረ ተዘግቷል ብለው አይነዱ፤ የፊተኛው መቆለፊያ ያልያዘ ጣሪያ በፍጥነት ሲነዳ ነፋስ ሊያነሣው ይችላል።

ስንት ጊዜ መክፈትና መዝጋት አለብኝ?

ሦስት ሙሉ ዙር በቂ ነው፤ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት። ከዚያ በላይ ያለ እረፍት ካሠሩት ፓምፑ ይሞቃል፤ ብዙዎቹ ፓምፖች ሙቀት ሲበዛባቸው ራሳቸውን የሚያቆም መከላከያ ስላላቸው፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዙር ቢቆም ብልሽት ነው ብለው መደናገጥ የለብዎትም። እስኪበርድ ጠብቀው እንደገና ይሞክሩ።

ከሦስቱ ዙሮች ይልቅ እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው በማግስቱ ጠዋት ለሚደረገው አንድ ዙር ነው። በተለይ ብርዱ በሚጠነክርበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ በኩል ውጭ ያደረ መኪና ዘይቱ ወፍሮ፣ የጎማ ማሸጊያዎቹ ደርቀው፣ ባትሪውም ደክሞ ይነሣል። በጋራዡ ሙቀት ያለችግር የሠራ ጣሪያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢያንገራግር፣ ያ ጥገና አላለቀም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ መኪናው ጋራዡ ዘንድ እንዲያድር ይስማሙና ጠዋት ተገኝተው ይረከቡት። የኋላ መስኮቱ የመስታወት ሳይሆን የፕላስቲክ ከሆነ ግን ጣሪያውን በብርድ አያጥፉት፤ መስኮቱ ይሰነጠቃል።

መሃል ላይ ከቆመስ?

እጅዎን ከመንገዱ ያርቁ፤ ከሁሉ በፊት ይህን ያድርጉ። በተንጠለጠለ ጣሪያ ሥር ጭንቅላት ማስገባት፣ ጣት በማጠፊያው መካከል ማሳለፍ፣ ልጆች በአጠገቡ እንዲቆሙ መፍቀድ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። በብዙ መኪኖች የሃይድሮሊክ ግፊቱ ጣሪያውን ይዞ የሚያቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱ ቀስ ብሎ ወይም በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ ቁልፉን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይጫኑት። ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ፓምፑም ዘይቱም በመሠረቱ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ከቆመበት ደረጃ በሚጠበቀው ምልክት ላይ ነው። የቆመበትን ቦታ ፎቶግራፍ ያንሡ። ለጥገና ባለሙያ «ጣሪያው ቆመ» ከማለት «የኋላው ክዳን ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላ ጣሪያው ሳይነሣ ቆመ» ማለት የግማሽ ቀን ፍለጋ ያስቀርለታል። በጉልበት መግፋት ግን በምንም መንገድ አይገባም፤ ግፊቱ ሳይለቀቅ የተገፋ ጣሪያ ማጠፊያውን ያጣምማል፣ ቱቦውንም ሊያፈነዳ ይችላል።

ዘይት አለመፍሰሱን በምን አረጋግጣለሁ?

የዘይቱ ማጠራቀሚያ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከጎን ሽፋኑ በስተጀርባ ወይም ከወለሉ በታች ይገኛል። ባለሙያው ሽፋኑን ሳይገጥም እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የዘይቱ ልክ የሚነበበው ጣሪያው በመመሪያው መጽሐፍ በተጠቀሰው አኳኋን ላይ እያለ ነው፤ ጣሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት መጠን ስለሚለያይ፣ በተሳሳተ አኳኋን ያነበበ ሰው ሳያስፈልግ ይጨምርበታል።

ነጭ ወረቀት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከፓምፑ፣ ከቱቦዎቹ መጋጠሚያና ከሲሊንደሮቹ ራስ ሥር ያንጥፉና ሦስቱን ዙር ካሠሩ በኋላ ይመልከቱት። ሲሊንደሩን በጣትዎ ያብሱ፤ ብረቱ ላይ የሚታይ ቀጭን የዘይት ሽፋን ብዙም አያሳስብም፤ ተሰብስቦ ጠብታ የሚሠራ ከሆነ ግን ማሸጊያው አልቋል። የፊተኛውን መቆለፊያ የሚያንቀሳቅስ ሲሊንደር ባላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የመርሴዲስ ኤስ ኤል ሞዴል፣ ዘይቱ ከፀሐይ መከላከያው በላይ ካለው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። አንድ ጊዜ የሙሽራ ነጭ ቀሚስ ላይ ቢያርፍ የሚያስከትለውን ማሰብ አያዳግትም፤ ስለዚህ ያንን ቦታ በነጭ ጨርቅ ሳይጠርጉ አይረከቡ።

ምን ዓይነት ዘይት እንደተጨመረም በግልጽ ይጠይቁ፤ የዘይቱን ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ማየት መብትዎ ነው። አንዳንድ መኪኖች የማዕድን ሃይድሮሊክ ዘይት፣ አንዳንዶች የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት፣ አንዳንድ የቆዩ ደግሞ የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። እነዚህ አይቀላቀሉም። የፍሬን ዘይት ለማዕድን ዘይት በተሠራ ጎማ ላይ ሲገባ ጎማው ይበላሻል፤ በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለምም ይልጣል። ስሕተቱ በዕለቱ ስለማይታይና ከሳምንታት በኋላ ሁሉም ሲሊንደሮች አንድ ላይ ማፍሰስ ስለሚጀምሩ፣ ከጥገና ስሕተቶች ሁሉ ዋጋው እጅግ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል።

ፊውዝ ተቀይሮልሃል ተብያለሁ። ልመርምረው?

አዎን። በፊውዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሳጥኑ ክዳን ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። በ30 አምፔር ቦታ 40 ተተክቶ ጣሪያው «ተስተካከለ» ከተባለ፣ የተስተካከለ ነገር የለም፤ ችግሩ ከፊውዙ ወደ ሽቦው ተዛውሯል፤ ሽቦው ደግሞ ይቃጠላል።

የኮምፒዩተር ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው?

መኪናው የሚቀበለው ከሆነ እንዲደረግ አጥብቄ እመክራለሁ። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፤ የነበሩት የስሕተት መልእክቶች ይነበባሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ይደመሰሳሉ፤ ከዚያ ጣሪያው ሦስት ዙር ይሠራል፤ በመጨረሻ እንደገና ይነበባል። ደምስሶ ብቻ መስጠት ጥገና አይባልም። በሁለተኛው ንባብ የሚመጣ መልእክት፣ ጣሪያው በዓይን ሲታይ ደህና ቢሠራም፣ አንድ ሴንሰር አልፎ አልፎ እየጠፋ መሆኑን ያመለክታል።

ከዚሁ ጋር አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የጣሪያው ኮምፒዩተር ሥራው እንዳላለቀ ከቆጠረ መኪናው ተቆልፎም አይተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው ይስባል። የተኛ መኪና ፍጆታ በአጠቃላይ ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ከጥገናው በኋላ በማግስቱ ሞተሪኖው ቢደክም ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስለኩ።

ውሃ አለማስገባቱን እንዴት ልፈትን?

ጣሪያው ከተነካካ በኋላ የውሃ ፈተና መቅረት የለበትም፤ ክረምት እስኪገባ ከተጠበቀ ደግሞ የሚያስተምረው ዝናቡ ይሆናል። የግፊት ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ደህና የሆነውንም ማሸጊያ ሰብሮ ይገባል። የውሃ ጎማውን ያለ ግፊት፣ በዝግታ እየፈሰሰ፣ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ያንቀሳቅሱት። በእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፤ በመጀመሪያ የበሩ መስታወት ጠርዝ፣ ከዚያ የመስታወትና የጣሪያው ማዕዘን፣ በመጨረሻ የፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያርሰው የገባበትን ቦታ መለየት አይቻልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ትንሽ ቀዳዳ ያለው ክዳን ይበቃል፤ እኔም ብዙ ጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሶፍት ወረቀት በማዕዘኖቹ ላይ ያሳርፍ። ወረቀቱ ቀለሙን ሲለውጥ ያቁሙና ቦታውን ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ምንጣፉን ገልጠው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በእጅዎ ይጫኑት፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ሥሩ የራሰ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

የውሃ ማስወገጃ ቀዳዳዎቹም እንዳይረሱ። ጣሪያው በሚታጠፍበት ጉድጓድ ዙሪያ የሚወርደው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት እንዲፈስ ነው የተሠራው። በእንጦጦ ግርጌና በለገጣፎ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ቅጠሉና ፍሬው እነዚህን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል። አንድ ኩባያ ውሃ በጉድጓዱ ጠርዝ ያፍስሱና ከኋለኛው ጎማ አጠገብ መፍሰሱን ይመልከቱ። ካልፈሰሰ ውሃው ተጠራቅሞ አንድ ቀን ፓምፑን ወይም ኮምፒዩተሩን ማግኘቱ አይቀርም፤ በብዙ መኪኖች ሁለቱም የተቀመጡት ከዚያው ዝቅተኛ ቦታ ነው።

መንገድ ላይስ ምን ልመልከት?

ሁለት ዓይነት መንገድ ያስፈልግዎታል። በመጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ባለው ኮብልስቶን ላይ ጣሪያውን ዘግተው ቀስ ብለው ይንዱ። ከፊት መቆለፊያው በኩል የሚመጣ ቀጭን ንጭንጭታ መቆለፊያው በደንብ አለመጥበቁን፣ ከኋላ የሚመጣ ደብዛዛ ግጭት ደግሞ አንድ ብሎን ሳይጠብቅ መቅረቱን ያመለክታል። ከዚያ ጣሪያውን ከፍተው በዚያው መንገድ ይመለሱ፤ የታጠፈው ጣሪያ በጉድጓዱ ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም።

ለነፋስ ድምፅ ግን ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ለዚህ ይመቻል። ሬዲዮውን ያጥፉ፤ መስታወቶቹ ሁሉ ተዘግተው በአንድ ወጥ ፍጥነት ይንዱ። ፉጨት ከሰሙ ጎንዎ የተቀመጠው ሰው እጁን በማሸጊያው ጠርዝ ላይ ያሳልፍ፤ ፉጨቱ የሚቋረጥበት ቦታ የተከፈተው ቦታ ነው። ከጉዞው መልስ ጣሪያውን አንድ ጊዜ ይክፈቱት፤ እኔን ያሳፈረኝ ዓይነት የሽቦ ብልሽት የሚታየው ከንዝረት በኋላ ነው። መኪናዎ በዝግታ እየሄደ ጣሪያውን መክፈት የሚፈቅድ ዓይነት ቢሆንም፣ በዚህ የሙከራ ጊዜ ቆመው ብቻ ይክፈቱ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ፓምፑን ያደክመዋል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ከፍታው የሚያደክመው አየር የሚስበውን የመኪናውን ሞተር ነው፤ የጣሪያው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ 2,355 ሜትር ላይም ከባሕር ጠለል እንደሚሠራው ይሠራል። ከፍታው ዋጋ የሚያስከፍለው በሌላ በኩል ነው፤ የደጋው ፀሐይ ጨርቁንና የጎማ ማሸጊያውን ቶሎ ያደርቃል። ስለዚህ በጥገናው ጊዜ ማሸጊያዎቹ የሲሊኮን ቅባት መቀባታቸውን ይጠይቁ። ግሪስና የሞተር ዘይት አቧራ ስለሚሰበስቡና ጎማውንም ስለሚያበላሹ ለዚህ አይሆኑም።

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ፓምፕ ተገጥሞልኛል። የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ መግጠም በራሱ ነውር የለበትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያሉትን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግድ እየሆነ መጥቷል። በፓምፑ ላይ የተጻፈው የመለዋወጫ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ያነጻጽሩ፤ ቅርጹ አንድ ሆኖ የቱቦዎቹ አቀማመጥ ወይም ግፊቱ የሚለያይ ፓምፕ አለ። አሮጌውን ፓምፕ ይቀበሉት እንጂ ጋራዡ ውስጥ አይተዉት። በውስጡ የቆየው ዘይት ምን እንደነበር ስለማይታወቅ ፈስሶና ታጥቦ መገጠሙን ይጠይቁ። የፈሰሰው ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ ፓምፕ መግዛት ሳያስፈልግ ማሸጊያውን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ሳይነግርዎ ፓምፕ ያስገዛዎ ሰው ካለ ምክንያቱን እንዲያስረዳዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ጋራዡን ምን በጽሑፍ ልጠይቅ?

የተቀየረውን ዕቃ፣ የተጨመረውን ዘይት ዓይነት፣ የጥገናውን ቦታና የዋስትናውን ቀን። አጭር ወረቀት ይበቃል።

ሁሉንም ፈትሼ ከተረከብኩ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ባይዘጋስ?

የሚያዝያ ዝናብ ሰርግ ላይ ሳይታሰብ ስለሚደርስ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። መኪናዎ ጣሪያውን በእጅ የሚዘጋበት መንገድ አለው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች የፓምፑን ግፊት የሚለቅ ብሎን ወይም ቫልቭ በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይከፈታል፤ ከዚያ ጣሪያው በእጅ ይነሣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ ላይ ቆመው መማር ስለሌለብዎት፣ መኪናውን በሚረከቡበት ዕለት ባለሙያው አንድ ጊዜ እየሠራ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፣ ቁልፉንም የመመሪያው መጽሐፍ ካለበት ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። ጣሪያውን ሲያነሡ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ እኩል ማንሣት አለበት። ከተዘጋ በኋላ የፊተኛው መቆለፊያ መያዙን በእጅዎ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ያረጋግጡ፤ ቫልቩን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ከዚያ በዝግታ እየነዱ ወደ ጋራዡ ይመለሱ፤ እስኪጠገን ድረስም የጣሪያውን ቁልፍ ማንም እንዳይነካው ለአሽከርካሪው ይንገሩት።